ሦስተኛው መልስ

እኔ ሰዓዳ አብዱልቃድር ምላሴ አያርፍም፤ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አርባውን ቅመም ስሸጥ ኖርሁ። በርበሬዬን የነቀፈ ሰው መልሱን ይዞ ነው የሚሄድ። እና ይኸው፣ ያን ሁሉ ምላስ ይዤ፣ አንዲት እውነት መናገር አቅቶኝ የወንድሜን ልጅ ልገድላት ነበር። ሌላ ሰው አሳምሮ ሳያወራው እኔው ላውራው።

ሱቁ የአባቴ ነው። ልጆች ሳለን በሩ እንጨት ነበር፤ ሲከፈት ያለቅሳል። ውስጡ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ከጉና የሚወርድ ማር ነው። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት አባቴ ሦስታችንን በዕድሜ ያሰልፈናል፤ ወንድሜ ዩኑስ፣ እኔ፣ እህቴ ፈሪዳ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይታያል። ማር በጥቁር አዝሙድ የለወሰባትን ማሰሮ ይከፍትና በቀንድ ማንኪያ አንድ አንድ ጊዜ ያልሰናል። «ቢስሚላህ በሉ» ይላል፤ እንላለን። ዩኑስ ስስታም ስለነበር ማንኪያውን ይነክሰዋል። ያ ማንኪያ ዛሬም አለ፤ ጫፉ ላይ የዩኑስ ጥርስ አለበት። ወላሂ፣ ብዙ ነገር ቀምሻለሁ፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ግን ከአባቴ ጋር አብሮ ሄደ።

አባቴ ሐኪም አልነበረም፤ ነኝም ብሎ አያውቅ። ግን ሰው ሆዴን፣ ደረቴን እያለ ሲመጣ ፌጦም ዝንጅብልም ከመስጠቱ በፊት «ሌላ ምን ወስደሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ገበያተኛው ሁሉ በዚህ ይስቅበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ አያ ሙላቴ የሚባል የጉና ሰው በቅሎውን ውጭ አስሮ ገባ። ገብስና ድንች አራግፎ ነው የመጣ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «አብዱ፣ ሆዴን ቆርጦኛል፣ ፌጦ ስጠኝ» አለው።

«ሌላ ምን ወስደሃል?»

«ምንም።»

«ሌላ ምን ወስደሃል?»

«ምንም አልሁህ እኮ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ከኮረሪማው ጆንያ ኋላ ተደበቅሁ።

አባቴ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ሙላቴ፣ ሌላ ምን ወስደሃል?»

አያ ሙላቴ መሬት መሬት አየ። «ጠዋት ኮሶ ጠጥቻለሁ» አለ። ኮሶ መጠጣት ነውር ሆኖ አይደለም፤ በአገሩ ኮሶ የጠጣ ሰው ለጎረቤት ሁሉ ይነገርለታል፣ ማንም ሌላ ነገር አያቀምሰውም፣ ቤቱ ተኝቶ ይውላል። እሱ ግን ገበያው እንዳያመልጠው ብሎ ደብቆት መጣ። አባቴ ፌጦውን አልሰጠውም። ጥላ ስር አስቀመጠው፣ እስኪሻለው አብሮት ቆየ፣ ከዚያ በበቅሎው ላይ አውጥቶ ሸኘው።

ማታ እየዘጋን «አየሽ ሰዓዳ፣ የመጀመሪያው መልስ የአፍ ነው። ሁለተኛው የሐፍረት ነው። የሆድ የሆነው ሦስተኛው ነው፤ እሱን ሳትሰሚ ምንም እንዳትሰጪ» አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። አይ ሰዓዳ! እሺ ማለትስ ማን ይችልብኛል።

አሁን ወደ ወንድሜ ልጅ ወደ ሚስራ ልምጣ። ዩኑስ እብናት ነው ያለ፣ እህል ይነግዳል። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ ባሌም፣ አላህ ይማረውና፣ ቀድሞኛል። ስለዚህ ሚስራ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት እኔ ጋ ሆና ትማር ብሎ ላካት። ከእኔ በቀር ቤቱ ባዶ ነበርና ልጅቱ ስትገባ ሱቁ እንኳ የሰፋ መሰለኝ። አንድ ዓመት ተሳስቀን ኖርን። ከዚያ ወስዋሱ ያዛት።

ወስዋስ የምንለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለሶላት ትታጠባለች፣ ውዱእ ታደርጋለች፣ ትጨርሳለች፣ «ውሃው አልደረሰም» ብላ ትመለሳለች። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። የሶላቱ ሰዓት አልፎ እሷ ገና ቧንቧው ስር ናት። እጇ ተሰነጣጥቆ ደም አወጣ። «አክስቴ፣ ታጥቤያለሁ?» ትለኛለች። «ታጥበሻል።» «እርግጠኛ ነዎት?» «እርግጠኛ ነኝ።» «ክርኔንስ አይተውታል?» እንዲህ እያለች አርባ ጊዜ። በዕድሜዬ ምላሴ የደከመው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንዴ እቆጣታለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በተቆጣሁት ላይ ሌላ ጥያቄ ትጨምራለች፤ «አስቀየምሁዎት?» እያለች።

ሰው ብዙ አለ። አንዱ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ ሌላው «ትዳር ያስፈልጋታል» ይላል። እኔ ወደ መስጊዳችን ሼህ ወሰድኋት። ሽማግሌው እጇን ብቻ አዩና «ልጄ፣ ዱዓ አደርግላታለሁ፤ ይህ ግን ሕመም ነው፣ ሐኪም ጋ ትሂድ» አሉኝ። እድሜ ይስጣቸው።

ሆስፒታል ያገኘናት ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ሸራ ጫማ የምታደርግ ቀጭን ሴት። ከሚስራ ጋር ብቻዋን ብዙ አወራች። ከዚያ ፍሎክሰቲን የሚባል ኪኒን አዘዘችላትና አንድ ሥራ ሰጠቻት። «ሚስራ፣ ጥርጣሬ ሲመጣብሽ አንድ ጊዜ ጠይቂ። መልሱን ከሰማሽ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ የበሽታው ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ቢያስጨንቅሽም ዋጪው።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎም አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሱላት። ሌላ ደግሞ፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር ምንም ነገር ከመስጠትዎ በፊት ይንገሩኝ። ቅጠልም ይሁን፣ ቪታሚንም ይሁን።»

«እሺ ልጄ» አልሁ። ሁለተኛዋ እሺ።

መጀመሪያ ላይ እሳት ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ጥርሷ ጋ ደርሶ ስታንቀው አያለሁ፤ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች፣ ዓይኗ ውሃ ይሞላል። እኔም መልሱ እንዳያመልጠኝ ፊቴን አዙሬ ዘነዘናውን አነሣና ባዶ ሙቀጫ እወቅጣለሁ። አሰለፈች የምትባል ጎረቤቴ፣ እዚያው አጠገቤ ማሽላና ጤፍ የምትሸጠው፣ «ሰዓዳ፣ ምን ነካሽ፣ ባዶ ሙቀጫ ትወቅጫለሽ?» ትለኝ ነበር። «አየር እየወቀጥሁ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ!» እላታለሁ።

በአራት በአምስት ወር እጇ ዳነ። ሳቋ ተመለሰ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሱቅ ገብታ ዘነዘናውን ትነጥቀኝና «ይረፉ አክስቴ፣ እርጅና መጥቷል» ትለኛለች። ጠዋት የአባቴን ማሰሮ ከፍቼ በቀንድ ማንኪያ አልሳታለሁ፤ ያን ጊዜ ዶክተሯን ጠይቀን ማሩን ብቻ፣ ጥቁር አዝሙዱን ትተን ነበር። የአባቷን የጥርስ ምልክት በምላሷ እየዳሰሰች ትስቃለች። አልሃምዱሊላህ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲሉ አልሰማሁም። ያኔም ገና አንዳንዴ ቧንቧው ተዘግቶ እንደሆነ ለማየት አንድ ጊዜ ትመለሳለች፤ እሷ እንኳ ሳትቸገርበት እኔን ያንገበግበኛል። ኪኒኑንም አልወደድሁትም። ጎረቤት እንዳያይብኝ ከፓኮው አውጥቼ በኮረሪማ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅሁት። ነገ ትዳር ቢመጣላት ምን ይሉናል ብዬ። ለእህቴ ለፈሪዳ እንኳ እንዳይነገር አልሁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስተርት እኮ የሚቀድመኝ የለም።

ፈሪዳ ጅዳ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቱ ትጨነቃለች የሚለውን ብቻ ሰምታ፣ ከምትመለስ ሴት ጋር አንድ ጠርሙስ እንክብል ላከች። በስልክ «ሰዓዳ፣ ይህ መድኃኒት አይደለም፣ አበባ ነው። የቤቴ እመቤት ትወስደዋለች፣ ለጭንቀት ነው። ምንም አይጎዳም» አለችኝ። ኪኒን እንደምትውጥ አታውቅ፤ በምን ታውቃለች? የደበቅኋት እኔ ነኝ።

ጠርሙሱ ላይ ቢጫ አበባ ተስሏል፤ ጽሑፉ ሁሉ አረብኛ ነው። እኔ እንግዲህ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ባይ አንሥቼ ስሜ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የማኖር ሴት ነኝ። ቁርኣን ልጅ ሆኜ አባቴ ዘንድ ቀርቻለሁ፤ ፊደሉን አሳምሬ አነባለሁ፣ ትርጉሙን ግን አላህ ነው የሚያውቀው። ጠርሙሱን ይዤ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁና አነበብሁት። ከታች በቀይ የተጻፈች አንዲት ረጅም መስመር ነበረች። እሷን በተለይ አስረዝሜ፣ አሳምሬ፣ ድምፄን አውጥቼ አነበብኋት። ስጨርስም «አሚን» አልሁ። አሚን!

በዚያ ፊደል የተጻፈ ነገር ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብሁም። ለሚስራ ብሰጣት ግን ዶክተር ሕይወትን ልጠይቅ እንደምትል አውቃለሁ፤ ልጅቱ ሥርዓት ያላት ናት። ስለዚህ እያንዳንዱን እንክብል ከፍቼ ዱቄቱን ማሰሮው ውስጥ አራገፍሁ፤ አማሰልሁት። እጄ አርባ ዓመት ቅመም የደባለቀ እጅ ነው፤ በጎ ነገር ከበጎ ነገር ጋር ቢገናኝ ምን ይሆናል አልሁ። አባቴ እኛን ባላሰበት ማሰሮ፣ በአባቴ ማንኪያ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስራ ማንኪያውን አፏ አስገብታ ቆመች።

«አክስቴ፣ ማሩ ውስጥ ሌላ ነገር አለ?»

«የለም» አልኋት። ቅቤ ይመስል አለሰለስሁት።

አየችኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ አየሁት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ነከሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጥያቄውንም ማሩንም አብራ ዋጠች። እኔ ምን እንዳልሁ ታውቃላችሁ? «ጎበዝ!» አልኋት። ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ አሞገስኋት።

አንድ ሳምንት ምንም አልሆነችም። ምንም አለመሆኗ እኔን አጀገነኝ፤ አንዱን ማንኪያ ሁለት አደረግሁት። እሷም አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ ጠይቃ ተመልሶላት የለ?

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ትምህርት ስላልነበራት ሱቅ ውስጥ አብራኝ እየወቀጠች፣ ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። ቀና ብዬ ባይ በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቃታል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋዋ ይንገጫገጫል፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል። ግንባሯን ብነካው እሳት ነው። ጠዋት ሆዷን አሟት ሦስት ጊዜ ወጥታ ነበር፤ ቀላል ነገር ብዬ ዝም አልሁ። «አክስቴ፣ መቀመጥ አልቻልሁም፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። «አሰለፈች! አሰለፈች ድረሽልኝ!» ብዬ ጮኽሁ። አሰለፈች ሚዛኗን ጥላ መጣች፤ ባጃጅ አስቁመን ሁለታችን መሐል አድርገን ወሰድናት።

ዶክተር ሕይወትን እዚያው አገኘናት። ትኩሳቷን ለካች፣ ዓይኗን አየች፣ በትንሽ መዶሻ ጉልበቷን ነካ ስታደርገው የልጅቱ እግር ዘሎ አልጋውን መታ። ዶክተሯ ፊቷን ቋጠረች።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ከኪኒኑ ሌላ የወሰደችው ነገር አለ?»

አሰለፈች አጠገቤ ቆማለች። ኪኒኑንም ያን ጊዜ ነው የሰማች። «የለም» አልሁ።

«ዱቄት፣ ቅጠል፣ ከውጭ አገር የመጣ ነገር?»

«የለም አልሁሽ እኮ!» ብዬ ጮኽሁ።

ስጮህ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የእኔ አልነበረም፤ የአያ ሙላቴ ነበር። ከጆንያ ኋላ ተደብቄ የሰማሁት ያ ድምፅ።

ሚስራ ከአልጋው ላይ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ተናገረች። «ዶክተር፣ እኔ ማሩ ውስጥ ሌላ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። አክስቴን አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ የለም አሉኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም። ወስዋሴ ነው።»

ሞት ይሻለኝ ነበር። ልጅቱ ምላሷ ያረጋገጠላትን ነገር እኔን አምና ሐሰት ነው አለች። ልክ የሆነችው እሷ፣ በሽተኛ የተባለችው እሷ። ዶክተር ሕይወት አንገቷን ነቀነቀችና ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ አባቴ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ራሴው ራሴን ጠየቅሁ።

«አለ» አልሁ። «ማሩ ውስጥ አለ። እኔ ነኝ የጨመርሁት። ወስዋሷ አይደለም።»

ብዕሯ ቆመ። አሰለፈች «በስመ አብ!» አለች። ሚስራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተሯ ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። «ጠርሙሱን አሁኑኑ ያምጡልኝ» ብቻ አለች። አሰለፈች ቁልፌን ይዛ በረረች። ጠርሙሱ ሲመጣ ዶክተሯ ስልኳን በቀዩ መስመር ላይ ደገነችው፤ ስልኩ በአማርኛ አወጣው። አነበበችልኝ። «ለድብርትና ለጭንቀት ከሚሰጡ መድኃኒቶች ጋር አብሮ መውሰድ አደገኛ ነው። ሐኪም ያማክሩ።»

ያችን መስመር ነበር አሳምሬ ያነበብኋት። አሚን ያልሁባት።

«ኪኒኑ ለብቻው ጥሩ ነበር» አለችኝ። «ይህም አበባ ሰው ለብቻው ይወስደዋል። ሁለቱ አንድ ሥራ ስለሚሠሩ ግን ሲገናኙ ሰውነቷ ከመጠን በላይ ሆነባት። አበባ ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይደለም እትዬ ሰዓዳ፤ እርስዎ ቅመም ይሸጣሉ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ባይነግሩኝ ኖሮ ጭንቀቱ ተነሥቶባት ይሆናል ብዬ ኪኒኑን ልጨምርላት እችል ነበር።»

ሁለቱንም አስቆመችና የሚያረጋጋ መድኃኒትና ጉሉኮስ ሰጠቻት፤ ሁለት ቀን ከዓይኗ አላራቀቻትም። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ሲያቆሙ እየቆጠርሁ ዋልሁ። እሑድ ትኩሳቱ ወርዶ ውሃ ጠየቀች። ሰኞ ቤት ገባን፤ ኪኒኑን መቼ እንደምትጀምር ዶክተሯ በቀጠሮ ነገረችን።

ለዩኑስ ደውዬ እኔው ነገርሁት። «አባባ ቢኖር…» ብሎ ሳይጨርስ ዘጋው። ቢጨርሰው ይሻል ነበር። ለፈሪዳም ነገርኋት፤ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፤ ደብቄሽ ነው እንጂ አንቺ ምን አጠፋሽ አልኋት። ኪኒኑን ከኮረሪማው ቆርቆሮ አውጥቼ መደርደሪያ ላይ፣ ሰው የሚያይበት ቦታ አኖርሁት። አሰለፈች ስታየው «እንዲህ ነው እንጂ» አለች። «ዝም በይ፣ አንቺ ደግሞ!» አልኋት።

ማሰሮውን ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ አጠብሁት። አዲስ የጉና ማር ሞላሁበት። ማክሰኞ ጠዋት ማንኪያውን ዘረጋሁላት።

«አክስቴ፣ ማር ብቻ ነው?»

«ማር ብቻ ነው።»

ማንኪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሳትቀምስ ቀስ ብላ መለሰችልኝ። «ደህና ይዋሉ» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። መልስ የሚባል ነገር ሁሉ ተናጋባት። ቧንቧው ጋ አንድ ጊዜ የነበረው ምልልስ አምስት ሆነ። «የጨው ዕቃውን ከድኛለሁ?» ትላለች፤ «ከድነሻል» ስላት ሄዳ ታየዋለች። ስምንት ወር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ የገነባችውን በአንዲት «የለም» ናድሁት። ተናድዳ ብትሰድበኝ እንኳ እችለው ነበር፤ እሷ ግን ትሕትናዋን አላጓደለችም፣ እንዲያውም ጨመረች። ያ ነው የሚያቃጥለው።

እኔም አንድ ነገር ጀመርሁ። ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቷ መጀመሪያ ራሴ እቀምሳለሁ። ከዚያ ትቀምሳለች። ለዶክተር ሕይወት ስነግራት ፈገግ አለች። «እርስዎ መቅመስዎ ሌላ ዓይነት መልስ መደጋገም ነው፤ ለበሽታዋ አይጠቅምም። ግን በእርስዎ ላይ የነበራትን እምነት በሽታው አልሰበረውም፣ እርስዎ ነዎት የሰበሩት። ለጊዜው ይቅመሱላት። ማቆሚያውን እሷ ትነግርዎታለች» አለችኝ።

ሱቅ ውስጥም ሰዓዳ ሌላ ሰዓዳ ሆነች። አንዲት ሴት ለጉንፋን ዝንጅብል ልትገዛ ብትመጣ «ሌላ ምን ወስደሻል?» አልኋት። ሦስት ጊዜ። ተቆጣች፣ አልለቅም አልሁ፤ ሦስተኛው ላይ የደም ግፊት ኪኒን እንደምትወስድ ነገረችኝ። «ኪኒኑን የሰጠሽን ሰው ጠይቂና ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ሚስራ ጥግ ላይ ሆና ትሰማ ነበር።

«አክስቴ፣ ወስዋሱ ወደ እርስዎ ዞረ እንዴ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁና የጆንያ አፍ የማስር መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ትናንት ጠዋት ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ እንደ ልጅነታችን ነበር፤ ትንፋሻችን ይታይ ነበር። ማሰሮውን ከፈትሁ፣ በቀንድ ማንኪያው ጨለፍሁ፣ ወደ አፌ ሳደርስ ሚስራ እጄን ያዘችኝ።

«ዛሬ አይቅመሱልኝ።»

ማንኪያውን ወሰደችው። ጥያቄዋን ጠበቅሁ፤ አንድ ጊዜ የመጠየቅ መብት አላት። መልሴን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ቆምሁ። እሷ «ቢስሚላህ» አለችና ማሩን አፏ ውስጥ አደረገችው፤ የአባቷን ጥርስ በምላሷ ዳሰሰች። ማንኪያውን ባዶውን መለሰችልኝ።

«ማር ብቻ ነው» አልሁ። አላስችል ብሎኝ።

«አልጠየቅሁዎትም እኮ፣ አክስቴ» አለችኝና ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።